የሦስት አራተኛ ሰከንድ ዋጋ

በአንዳንድ ላፕቶፖች ኪቦርድ መሃል፣ ጂ፣ ኤች እና ቢ የተባሉት ቁልፎች በሚገናኙበት ቦታ፣ የእርሳስ ላጲስ ጫፍ የምታክል ቀይ ነገር ብቅ ብላ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች። አንዳንዱ ደግሞ ኮምፒውተሩን የምታጠፋ ቁልፍ መስላው መንካት ይፈራል። ያገለገሉ ላፕቶፖች በሚሸጡባቸው የአዲስ አበባ ሱቆች የጎማ ቆቧ ወልቆ ባዶ ጉቶዋ ብቻ የቀረ ማሽን ማየት ብርቅ አይደለም።

ስሟ ትራክፖይንት ነው። ሥራዋ የማውዝ ሥራ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት ትነዳለች። ልዩነቷ ይህን የምታደርገው እጅ ከኪቦርዱ ሳይነሳ መሆኑ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የዚህች ላጲስ የምትመስል ነገር ታሪክ፣ ስለ ፈጠራ ከሚደረጉ ብዙ ስብሰባዎች የተሻለ ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ ቁጥር ነው። በ1984 ቴድ ሴልከር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ተመራማሪ አንድ የጥናት ውጤት ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጥናቱ አንድ ጸሐፊ እጁን ከኪቦርድ አንስቶ ማውዝ ለመያዝ 0.75 ሰከንድ ይፈጅበታል ይላል። ሲመለስም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። ሌላው አንባቢ ቁጥሩን አይቶ ገጹን ይገለብጣል። ሴልከር ግን እዚያው ቆመ።

እስቲ እናስላው። ደርሶ መልስ 1.5 ሰከንድ ነው። አንድ ሠራተኛ በቀን 400 ጊዜ ወደ ማውዝ ተመላለሰ ብንል 600 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ይሆናል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢኖር 2,500 ደቂቃ ነው። ይህ ከ41 ሰዓት በላይ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው አምስት የሥራ ቀን አልፎ ይሄዳል። አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት፣ እጅ ከቁልፍ ወደ ማውዝ ሲመላለስ ያልቃል ማለት ነው። ከጊዜው በላይ ደግሞ የሐሳቡ መቋረጥ አለ። ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እጁን ያነሳ ሰው፣ ሲመለስ መጀመሪያ ጣቶቹን ከቦታቸው ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ምን ሊል እንደነበር ማስታወስ አለበት።

መፍትሔው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፦ ማውዙን ወደ ኪቦርዱ አምጡት። ግን የት? ኪቦርድ ላይ ትርፍ ቦታ የለም። ትልቅ ነገር ከተቀመጠበት መጻፍ ያስቸግራል። የሚቀመጠው ነገር በቁልፎች መካከል ባለ ክፍተት የሚቆም፣ ሲጽፉ በስህተት የማይነካ፣ የሁለቱም እጆች ጠቋሚ ጣት ሳይንጠራራ የሚደርስበት መሆን አለበት። ቀይዋ ነጥብ ሦስቱ ቁልፎች መካከል የቆመችው ለዚህ ነው።

ቀጣዩ ችግር ይበልጥ ይከብዳል። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ ውስጥ የቆመች ዘንግ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝበት ስፍራ የላትም። ስለዚህ አትንቀሳቀስም፤ ትገፋለች እንጂ። ከሥሯ ያሉት ስስ መለኪያዎች ዓይን በማያየው መጠን ጎበጥ ሲሉ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው ይለወጣል። ኮምፒውተሩ ያንን ለውጥ አንብቦ ጣት ወዴት እንደገፋ፣ ምን ያህል እንደገፋም ያውቃል። ቀስ አድርጎ ለገፋ ቀስቱ ቀስ ይላል፤ ጠንከር አድርጎ ለገፋ ይፈጥናል።

እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ሊመስል ይችላል። ዋናው ሥራ ግን የተጀመረው እዚህ ነው። ጉልበትና ፍጥነት እኩል አብረው እንዲጨምሩ ከተደረገ ቀስቱ ወይ ይንፏቀቃል ወይ ከስክሪኑ ጠርዝ ሄዶ ይላተማል። አንዲት ፊደል ላይ ማቆም ትግል ይሆናል። ሴልከር አይ.ቢ.ኤም. ከገባ በኋላ ከባልደረባው ከጆሴፍ ራትሌጅ ጋር የተያያዘው ይህንኑ ነበር፦ ስንት ጉልበት ስንት ፍጥነት ይሁን?

የደረሱበት መልስ በጥሞና ሲታይ የሰውን ጣትና ዓይን ጠባይ በቁጥር ያስቀመጠ ነው። በጣም ቀላል ንክኪ ከቁጥር አይገባም፤ ጣት ያለ ፈቃዱ ይንቀጠቀጣልና። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ጉልበቱ ቢለዋወጥም ፍጥነቱ ዝግ ብሎ የሚቆይበት ደልዳላ ደረጃ አለ፤ ትንሽ ነገር ላይ ለማነጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ በአንዴ ይወጣል። ጫፍ ላይ ደግሞ ገደብ አለው፤ ገደቡም ዓይን ሊከተለው የሚችለው ፍጥነት ነው። ዓይን የማይከተለው ቀስት ለማን ይጠቅማል?

ሁለቱ ሰዎች በ1990 ውጤታቸውን ሲያሳትሙ ማውዝን በሁሉም ነገር አሸነፍን አላሉም። መጠቆም ብቻ በሆነ ሥራ መሣሪያቸው ወደ ማውዝ ብቃት እንደሚጠጋ ተናገሩ። መጻፍና መጠቆም በተቀላቀሉበት ሥራ፣ ለምሳሌ ጽሑፍ ሲታረም፣ ከማውዝ እንደሚበልጥ ተናገሩ። ልክ የታወቀበት የይገባኛል ጥያቄ ነው። በ1992 ጥቅምት አካባቢ ቲንክፓድ 700ሲ የተባለው ጥቁር ላፕቶፕ ቀይዋን ነጥብ ይዞ ገበያ ወጣ። ከቁጥሩ እስከ ዕቃው ስምንት ዓመት ማለት ነው።

በዚያች ቀይ ቀለም ላይ እንኳ ክርክር ነበረ። በአይ.ቢ.ኤም. ደንብ ቀይ ለአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ቁልፍ የተጠበቀ ቀለም ነው። የማሽኑ ዲዛይነር ሪቻርድ ሳፐር ግን በጥቁሩ ሳጥን መሃል ዓይን የምትስብ አንዲት ቀይ ነጥብ ፈለገ። የዲዛይን ክፍሉ መውጫ አገኘ፦ ቀለሙ ቀይ ሳይሆን ማጀንታ ነው ተባለ። ቢሮክራሲን የሚያውቅ ሁሉ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ጥሩ ሐሳብ ከሳይንስ ፈተና ካለፈ በኋላም የመዝገብ ቤት ፈተና ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ «ርካሽ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። በአማርኛ ቃሉ ስድብ አለበት፤ ርካሽ ዕቃ ሲባል ቶሎ የሚሰበር፣ ሌላ አማራጭ ያጣ ሰው የሚገዛው ማለት ይመስላል። የማውዝ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በ1979 መጨረሻ ስቲቭ ጆብስ የዜሮክስን የምርምር ማዕከል ጎብኝቶ ማውዝ አየ። የዜሮክስ ማውዝ ለመሥራት 300 ዶላር ገደማ የሚፈጅ፣ ቶሎም የሚበላሽ ነበር። ጆብስ ዲን ሆቪ ለተባለ ወጣት ዲዛይነር የሰጠው ትእዛዝ ከ15 ዶላር ባነሰ ወጪ የሚመረት፣ ለዓመታትም የሚያገለግል እንዲሠራ ነው። ሆቪ ሱቅ ሄዶ ኳስ ያለው የብብት ዲዮድራንትና የቅቤ ማስቀመጫ ዕቃ ገዛ። ከአንዱ ኳሱን፣ ከሌላው ክዳኑን ወስዶ የመጀመሪያውን ሙከራ ገጣጠመ። በ1983 የአፕል ሊሳ ኮምፒውተር ይዞት የወጣው ማውዝ የዚያ ሥራ ፍሬ ነበር።

የ15 ዶላሩ ማውዝ የ300 ዶላሩ ቅሪት አልነበረም። እንደ አዲስ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ትራክፖይንትም እንዲሁ ናት፤ የሚሽከረከር ኳስ የላትም፣ ቆሻሻ የሚሰበስብ ጎድጓዳ የላትም፣ ጠረጴዛ አትፈልግም። በውስጧ ያለው ቁሳቁስ ጥቂት ነው። ብዙ የሆነው ዕውቀቱ ነው። ርካሽ ዕቃ ለመሥራት ውድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትዕግሥቱ ሲጎድል ርካሹ ዕቃ ዋጋውን የሚያስከፍለው ከገዢው ጊዜ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን አላሸነፈችም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1994 አፕል በፓወርቡክ 500 ላፕቶፖቹ ላይ ታችፓድ አመጣ፤ ዛሬ ላፕቶፕ ሲባል ታችፓድ የሌለው ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ታችፓድን ልጅም በደቂቃ ይገባዋል። ቀይዋ ነጥብ ልምምድ ትፈልጋለች። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለሁለት ደቂቃ የሞከራት ሰው ቀስቱ ሲያመልጠው ይተዋታል። በመቶኛው ቀን የምትበልጥ ነገር በመጀመሪያው ቀን ልትሸነፍ ትችላለች፤ ገበያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈርደው በመጀመሪያው ቀን ነው። ያም ሆኖ ሌኖቮ በ2005 የአይ.ቢ.ኤም.ን የፒሲ ክፍል ሲረከብ ነጥቧን አልነቀላትም። የለመዷት ሰዎች ያለ እሷ ሌላ ላፕቶፕ አንገዛም የሚሉ ናቸውና።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ምኑ ነው?

በኢትዮጵያ ስለ ፈጠራ የሚወራው ወሬ በአብዛኛው የአንድ ቀን ወሬ ነው። ወጣቱ ከወዳደቀ ዕቃ የሠራውን ማሽን ይዞ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል። ይጨበጨባል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ከባለሥልጣን ጋር ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ማሽኑ ወደ ቤቱ ጥግ፣ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ይመለሳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ተረቱ ግን እንቁላሉን ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ የተቀመጠችውን ዶሮ አያነሳም። የሴልከርን ሐሳብ ታቅፎ ያቆየው ደመወዝ የሚከፍል፣ ላቦራቶሪ ያለው፣ ሰዎችን አስቀምጦ የሚፈትን፣ ያልተሳካ ሙከራን እንደ ጥፋት የማይቆጥር መሥሪያ ቤት ነው። በአንድ ሌሊት የበራለት ብቸኛ ሊቅ የሚባለው ተረት እዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ዶላር አይጠይቅም። ሴልከር የጀመረው በመለካት ነው። አብዛኛውን የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል። በየመሥሪያ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ የሚውሉ ሰዎች አሉ፤ ከፊታቸውም ባለጉዳይ ተሰልፏል። ጸሐፊዋ ለአንድ ደብዳቤ ስንት ጊዜ ከፊደል ወደ ፊደል ትቀያይራለች? ስንት ጊዜ ወደ ማውዝ ትመላለሳለች? ይህን ለማወቅ ሰዓትና ወረቀት ይዞ ከአጠገቧ አንድ ቀን መዋል በቂ ነው። የባለጉዳዩ ወረፋ የሚረዝመው ሁልጊዜ በትልቅ ክፋት አይደለም። ማንም ባልቆጠራቸው ሦስት አራተኛ ሰከንዶችም ይረዝማል።

እነዚህን ሰከንዶች መናቅ ቀላል ነው፤ የሚከፍላቸው ሰው አይጮህምና። ወንበሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ትከሻው ያመዋል እንጂ ሰልፍ አይወጣም። ከወንበሩ ማዶ የቆመውም ነገ ይመለሳል እንጂ አይከስም። ትልልቅ ዕቅዶች የሚያልፉት ይህን ዝምታ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው የፈጠራ ኤግዚቢሽን ላይ ከጭብጨባው በፊት ሁለት ጥያቄ ይቅደም። ለወጣቱ፦ «ምን ለክተህ ጀመርክ?» ከጎኑ ፎቶ ለመነሳት ለቆሙት ባለሥልጣን ደግሞ፦ «ለስንት ዓመት ደመወዝ ይከፍሉታል?» ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኘ፣ የመጀመሪያው ቢመለስም እንቁላሉ እንቁላል ሆኖ ይቀራል።