ደላላ እንዳይሰማው

በእኛ አካባቢ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ስንት ይዞ እንደመጣና ምን ያህል ፍዳ እንዳየ። ለሁለቱም መልስ አላጣሁም። አገሩን ወደድከው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

የኖርኩት ሪያድ ወይም ጅዳ አይደለም። ከአብሃ በስተሰሜን፣ አል ናማስ ከምትባል ከተማ ራቅ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፍየሎች እጠብቅ ነበር። ሳዑዲ ሲባል ሰው አሸዋ ብቻ ይታየዋል፤ እኔ የነበርኩበት አሲር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ደጋ ነው። ጉሙ ከቲሃማ ቆላ ሽቅብ እየተግተለተለ ሲመጣ ፊት የቆመ ፍየል አይታይም። ጽዱ በየቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ የምናውቀው የሐበሻ ጽድ ነው፤ ዝርያው አንድ፣ ቀይ ባሕር መሐል ገባ እንጂ። ዝንጀሮም አለ፤ እዚያም ሌባ ነው።

ሽማግሌው ማታ ማታ በሄል የፈላ ቀጭን ቡና ከተምር ጋር ያቀርቡልኝና «የነጃሺ ልጅ» ይሉኝ ነበር። በ615 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ተከታዮች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውን ሲተርኩ፣ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ይመስል ባለውለታ ያደርጉኛል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እኛ አገር ወሎ ደርሶ የቤተሰቤ ስልክ ሲጠፋ፣ ማታ ማታ «ተገኙ?» ሳይሉኝ ተኝተው አያውቁም። አሠሪ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፤ ሌሎች ያዩትን ሰምቻለሁ። የእኔ ዕድል ነው።

አሁን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስጓዝ ዓይኔ አምባሰልን ከአሲር ጋር ማስተያየት ይዟል። አሲር ላይ አያቶች በድንጋይ የካቡት እርከን ብዙው ጦሙን ያድራል፤ ልጆቹ ደመወዝተኛ ሆነው ከተማ ገብተዋል፤ ከብቱን የሚጠብቀው እንደኔ ያለ መጤ ነው። እዚህ ደግሞ ገደሉ ጫፍ ድረስ ታርሷል። በሬ በማይዞርበት ቁራጭ ላይ ማሽላ ቆሟል። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ለመጨረሻው ልጅ የሚተርፈው መንገዱ ብቻ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ያደርሳል።

ሐይቁ ዳር ተቀምጬ የተጠበሰ ቆሮሶ በላሁ። ማዶ የሚታየው እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል፤ ለወንድ ብቻ ነው ታዲያ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲያስተምሩበት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ መጥተው ተምረውበታል። ያኔ ሩቁ አገር ይሄ ነበር ማለት ነው። ሸዋ ሲገቡ ይህን ውኃ ናፍቀው ይሆን? እኔ እስላም ነኝ፤ ቢሆንም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። እዚያ ገደል ላይ ሆኜ የማሪቱ ለገሠን ዘፈን በሞባይል ስከፍት የአምባሰል ተራራ ፊቴ ይደቀን ነበር። አሁን ተራራው ሥር ተቀምጬ ስሰማው የሚመጣብኝ የናማስ ጉም ነው። ውለታ ቢስ ትዝታ!

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። «አጎቴ፣ አገሩ እንዴት ነው?» ይለኛል በየማታው። ከኦቦክ በጀልባ ስንሻገር የሆነውን፣ የመን ውስጥ አጋቾች ለማስለቀቂያ ሰው የሚያሰቃዩበትን፣ የጂዛንን ድንበር እነግረዋለሁ። እውነት ነው፣ ሁሉንም አልፌበታለሁ። ስለ ጽዱና ስለ ሽማግሌው ቡና ትንፍሽ አልልም፤ ይህን ያህል የሚያምር ወሬ ደላላ እንኳ አያውቅም።

እህቴ ግን ልጇ ሲወጣ ጠብቃ፣ «ወንድምዓለም፣ ወደኸው ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እሱ ፊት እንዲህ እንዳትል» አለችና ቡናውን ልትደግም ጀበናውን ጣደች።