መዝገቡን የሸጥኩት እኔ ነኝ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ የማፍርበትን ነገር ነው። ከእኔ ስሕተት እንድትማሩ ብዬ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ተወልጄ ያደግኩበት ዶሮ ማነቂያ ለልማት ሲነሣ፣ የወጣቶች ኅብረታችን የአረጋውያንን ዕቃ በማጓጓዝ ለማገዝ ተነሣ። እኔ የደረሱኝ የግድግዳ ጎረቤታችን አባባ ናቸው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለዋል። እኛ ልጆች ግን የምናውቃቸው ኳሳችን ግቢያቸው በገባ ቁጥር ከዘራቸውን ይዘው ሲቆጡን ብቻ ነበር።

ዕቃ ስናወጣ አልጋቸው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቁ አሮጌ ደብተሮች አገኘሁ። ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል። መኪናው ሞልቷል። አባባን ሳልጠይቅ ደብተሮቹን ለባለ ሱቁ ለመጠቅለያ በኪሎ ሸጥኳቸው፤ በገንዘቡም ዕቃ ለጫኑት ልጆች ለስላሳ ገዛሁ። የረዳኋቸው መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣ “ልጄ፣ ያ ከረጢት የት ገባ?” አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ “የእድሩ መዝገብ እኮ ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ማን መቼ እንደሞተ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደቆመ፣ መዋጮ ያቃተውን ማን እንደከፈለለት፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ሱቁም ፈርሷል።

አባባ አልረገሙኝም። ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ “እንግዲህ የቀረው እዚህ ያለው ነው። ቅዳሜ ደብተር ይዘህ ና” አሉኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። “ከአያትህ እንጀምር” አሉ።

አያቴ በመንደራችን የመጀመሪያው “ጴንጤ” ነበር። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ተደብቀው ይሰበሰቡ እንደነበር ሰምታችኋል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው እንደተወሰዱም ታውቃላችሁ። ምናልባት ያልሰማችሁት ይህን ነው፦ አማኝ ሲሞት “ሃይማኖታችንን ትቷል፤ አንቀብርም” የሚል እድርተኛም ነበር።

አያቴ በ1975 ዓ.ም. ሲያርፍ የእኛም እድር ለሁለት ተከፈለ። አባባ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዛሬም ጾማቸውን አያጎድሉም። ያን ቀን ግን መዝገቡን ገልጠው የአያቴን መዋጮ ወር በወር አነበቡ። ከዚያም፣ “ይህ ሰው አንድ ወር አላጓደለም። የእናቶቻችሁን ቃሬዛ ሲሸከም ሃይማኖታቸውን ጠይቋል?” አሉ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ጥሩምባው ተነፋ፤ ድንኳኑም ተተከለ።

እኔ በኪሎ የሸጥኩት ያንን መዝገብ ነው።

ወዳጆቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማለት ለእኔ ከመድረክ የሚነገረው ብቻ ነበር። የእድር ደብተር ውስጥ፣ ያውም በሌላ ቤተ እምነት ሰው እጅ ተጽፎ፣ የእኛም ታሪክ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ኢያሱ ምዕራፍ 4ን አንብቡ። እስራኤል ከዮርዳኖስ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ያነሡት ልጆቻቸው አንድ ቀን ምንነታቸውን እንዲጠይቁ ነው። ድንጋይ በራሱ አያወራም፤ ልጅ መጠየቅ፣ አባትም መመለስ አለበት። ዘሌዋውያን 19፥32 ደግሞ በሽበታም ፊት እንድንነሣ ያዝዘናል። እኔ ለአባባ ወንበር የለቀቅኩበት ቀን ብዙ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ነገር የጠየቅኩበት ቀን ግን አልነበረም።

አሁን ሁለተኛውን ደብተር ጀምረናል። አንዳንዴ ስም ይጠፋቸዋል። ያን ጊዜ በየአቅጣጫው ለተበተኑት ጎረቤቶቻችን እንደውላለን፤ አንዷ እናት የረሳችውን ሌላዋ ታስታውሳለች። ያልተገኘውን ስም ቦታ ባዶ እንተወዋለን። የጻፍኩትን መልሼ አነብላቸዋለሁ፤ “ይህንን አውጣው፤ ልጆቹን ያሳፍራል” ካሉኝ አወጣዋለሁ። ማክበር ማለት ይህም ነው።

የተሸጠው መዝገብ አልተመለሰም፤ አይመለስምም። አባባም ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ቅዳሜዎቻችን ስንት እንደቀሩ ጌታ ያውቃል።

እናንተስ? ከግድግዳችሁ ማዶ የሚኖሩት አዛውንት ማን ናቸው? አልጋቸው ሥር ምን አስቀምጠዋል? የእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ይሁን፣ ጠባያቸው ቁጡ ይሁን፣ ግድ የለም። በዚህ ሳምንት ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ከረጢቱ ሳይሸጥ ድረሱ።