ስለ መልካም አማካሪ

ሰው ውለታ ሲቀበል ሁለት ዕዳ ይገባበታል። አንደኛው ውለታውን ለዋለለት ሰው ምስጋና ማቅረብ ነው፤ ሁለተኛው እሱም በተራው ለሌላ ሰው ውለታ መዋል ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው በቃል ይከፍለዋል። ሁለተኛው ግን ድካም ስላለበት ቶሎ ይረሳል። እኔም ከረሱት ሰዎች አንዱ ስለ ነበርሁ፣ ወጣት አንባቢ ከጥፋቴ እንዲማር ይህን ጽፌአለሁ።

የተወለድሁት በስሜን፣ በሳንቃ በር አካባቢ ባለች አንዲት መንደር ነው። አገሩ ብርቱ ደጋ ነው፤ ከገብስ በቀር ሌላ እህል እምብዛም አይሆንበትም። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ደግሞ ጭላዳ ከገደሉ አፋፍ እየወጣ ማሳ ያበላሻል። ከዚያ እስከ ደባርቅ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። በ1988 ዓ.ም. ጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ስገባ፣ ከመንደራችን ኮሌጅ የገባ ከእኔ በፊት አልነበረም። ይህ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ለገጠሩ ሕዝብ ለማሠልጠን የተከፈተ ነው። አባቴ አንድ ወይፈን ሸጦ ልብስና ብርድ ልብስ ገዛልኝ፤ ጎረቤቱም ሁሉ መርቆ ሸኘኝ።

በኮሌጅ ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ አንድ መምህር አማካሪ ሆኖ ይመደብለታል። የአማካሪው ተግባር ተማሪው በየመንፈቀ ዓመቱ የሚወስደውን ትምህርት አይቶ መፈረም፣ ውጤቱን መከታተል፣ ችግርም ሲደርስበት መንገድ ማሳየት ነው። ይህን ሥራ በትጋት ቢሠሩት ብዙ የሚያስመሰግን፣ በስንፍና ቢሠሩት ግን ማንም የማያውቀው ሥራ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ፊርማ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የእኔ አማካሪ ጠርዙ ያለቀ አንድ ደብተር ነበራቸው። በመጀመሪያው ቀን ስሜን፣ አገሬን፣ የወላጆቼን ኑሮ፣ ገንዘብ የሚልክልኝም ማን እንደ ሆነ እየጠየቁ ጻፉ። እኔ ግን ነገሩ ምርመራ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቴ መጥፎ ሆነ። ለመመረቅ የሚያስፈልገው አማካይ ነጥብ 2.00 ሲሆን፣ የእኔ ከዚያ በታች ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ የመምህሩን ቃል ለመገልበጥ ስጣደፍ ቁም ነገሩ ያመልጠኝ ነበር። በዚያው ሰሞን አባቴ በጠና መታመሙ ተላከብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐዘኔ ብርቱ ቢሆንም ውድቀቴን የምሸፍንበት ምክንያት ያገኘሁም መሰለኝ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ጓዜን ጠቅልዬ ወደ ስሜን ወጣሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ ከደባርቅ ገበያ የተመለሰ ጎረቤታችን አንድ ደብዳቤ አመጣልኝ። አማካሪዬ ለምዝገባ አለመቅረቤን አይተው፣ የመኝታ ጓደኞቼን ጠይቀው፣ ያን ደብተራቸውን ገልጠው፣ ደብዳቤውን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ልከውት ኖሯል። በውስጡ ቁጣ አልነበረበትም። «ልጄ፣ አባትህን ማስታመምህ ደግ ነው። ነገር ግን ሳትፈርም ከቀረህ ትምህርቱን ጥሎ እንደ ጠፋ ትቆጠራለህ፤ መመለሱም ይከብድሃል። የመልቀቂያ ቅጽ ሞልተህ ከሄድህ ግን ለከርሞ ተመልሰህ ልትማር ትችላለህ። ቀኑ ሳያልፍ አንድ ጊዜ ውረድ፤ ከዚያ ተመልሰህ አባትህን አስታምም» ይላል።

እኔ የመልቀቂያ ቅጽ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ሌሊት ተነሥቼ ስገሰግስ ውዬ ደባርቅ ገባሁ፤ በማግሥቱም በጭነት መኪና ዳባትን አልፌ ጎንደር ደረስሁ። አማካሪዬ ምሳቸውን ትተው ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት ኀላፊ፣ ከዚያ ወደ ምግብ ቤት፣ ከዚያም ወደ መዝገብ ቤት አብረውኝ እየዞሩ ፊርማውን ሁሉ አስጨረሱልኝ። ሲያበቃ ወደ ቢሯቸው አስገብተው ስለ ውጤቴ ጠየቁኝ። እኔም እንባዬ መጥቶ «ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርሁም» አልኋቸው።

እሳቸው ግን ስለ ደም ዝውውር በአማርኛ እንዳስረዳቸው አዘዙኝ። አስረዳኋቸው። «እንግዲህ ነገሩን ታውቀዋለህ። የጎደለህ ቋንቋው ነው፤ እሱ ደግሞ በሥራ ይሞላል» አሉና ከራሳቸው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አውጥተው አዋሱኝ። በየማታው አንድ ገጽ አንብቤ፣ መጽሐፉን ከድኜ፣ የገባኝን በራሴ እንግሊዝኛ እንድጽፍ መከሩኝ። እኔም በአባቴ ራስጌ፣ በኩራዝ ብርሃን እንደዚሁ አደረግሁ።

አባቴ በሚያዝያ ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የጻፍሁባቸውን ሦስት ደብተሮች ይዤ ወደ ኮሌጁ ተመለስሁ፤ በኋላም በደኅና ውጤት ተመረቅሁ። አባቴን ቀብሬ ትምህርቴንም እንድቀጥል ያስቻለኝ የእኒያ ሰው ትጋት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ ዐይነ ሥውር ቢሆኑ እንኳ ተማሪውን ሁሉ በድምፁ ለይተው ያውቁታል፤ አንዱ ሲቀር «የት ሄደ?» ይላሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተማሪው ቁጥር 33 ነበር፤ ይህን ያህሉን ማወቅ ለመምህር አይከብድም። ዛሬ በደባርቅም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ በየኮሌጁ ያለው ተማሪ ብዙ ስለ ሆነ በስሙ መጠራቱ ቀርቶ በመታወቂያ ቁጥሩ ይፈለጋል። ይሁን እንጂ ቁጥር መብዛቱ ለትጋት ማነስ በቂ ምክንያት አይሆንም። እኔ ግን ምክንያት አደረግሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሎ አድሮ በአንድ ኮሌጅ መምህር ሆንሁ፤ የማማክራቸውም 40 ተማሪዎች ተሰጡኝ። በምዝገባ ቀን ቅጻቸውን በጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖሩ ቀና ሳልል እፈርምላቸው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ካስፈረመች በኋላ ወዲያው አልወጣችም፤ በበሩ አጠገብ ጥቂት ቆመች። እኔም «ቀጥሎ ያለው ይግባ» አልሁ። በዓመቱ መዝገብ ስመለከት ትምህርቷን ጥላ ሄዳለች፤ የመልቀቂያ ቅጽም አልሞላችም።

በዚያ ወራት አማካሪዬ ጡረታ ወጥተው ነበርና፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበን ጋቢ ገዝተን ልናመሰግናቸው ከቤታቸው ሄድን። ሁሉም በየተራው ተናገረ። የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ደብዳቤው መናገር ጀመርሁ፤ ነገር ግን ያቺ ልጅ ትዝ ስላለችኝ አፌ ተያዘ። በመጨረሻ ጥፋቴን በሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁ። እሳቸውም ጋቢውን በጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ «የየት አገር ልጅ ናት?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኋቸው። «እንግዲያው የእኔን ምስጋና አቆየውና አገሯን ጠይቅ» አሉኝ።

ጠይቄ ዳባት አካባቢ እንደምትኖር ዐወቅሁ፤ በአንድ ቅዳሜም ሄጄ አገኘኋት። እናቷ ስለ ሞቱባት ታናናሾቿን ለማሳደግ ትምህርቷን ትታ ኖሯል፤ አሁን አግብታ ልጅ ታቅፋለች። ቡና አፍልታ በደንብ አስተናገደችኝ። ተመልሳ እንድትማር ማመልከቻ አብረን እንድንጽፍ ብጠይቃት፣ «አሁን እንኳ አይሆንልኝም፤ ያን ዕለት ቢጠይቁኝ ግን እነግርዎ ነበር» አለችኝ። አነጋገሯ ነቀፋ አልነበረበትም፤ ስለዚህም ይበልጥ ከበደኝ።

ተመልሼ ለአማካሪዬ ነገርኋቸው። ብዙም አልተናገሩኝም፤ «ስሟን ጻፈው» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ደብተር ይዣለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው የእሷ ስም ነው።

ወጣቶች ሆይ! ችግር ሲደርስባችሁ ለአማካሪያችሁ ሳትነግሩ፣ በወግ ሳትሰናበቱ ትምህርታችሁን ጥላችሁ አትሂዱ፤ አንድ ቅጽ የአንድ ሰው ዕድል የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። አማካሪያችሁ ቀና ብሎ ባያያችሁም፣ በበሩ አጠገብ ቆማችሁ አትቅሩ፤ ደፍራችሁ ተናገሩ። የሚያስብላችሁ መምህር ካገኛችሁ ደግሞ በሕይወት ሳለ አመስግኑት። ነገ ከእናንተ መካከል መምህር የሚሆን ቢኖር፣ ከመፈረሙ በፊት ቀና ይበል፤ የተማሪውን ስምና አገርም ይጠይቅ። መምህሬ ከእኔ የፈለጉት ምስጋና ይኸው ነበር።