በፀሐይ ስለሚበራ የበዓል መብራት

ሰው ለቤቱ ዕቃ ሲገዛ በሁለት ዓይን ያያል። አንደኛው ዓይን ዕቃው ለቤተ ሰቡ የሚሰጠውን ጥቅም ይመለከታል፤ ሁለተኛው ግን ጎረቤትና እንግዳ ዕቃውን አይተው የሚሉትን ይመለከታል። በዓል ሲቀርብ ይህ ሁለተኛው ዓይን ይበረታና የፊተኛውን ይጋርደዋል። ይህ ነገር በገዛ ቤታችን ስለ ደረሰብን፣ ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ቢሆን ብለን ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

በግቢያችን ከውጭው በር እስከ ቤቱ ድረስ ሰባት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። እናታችን ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ ሲሆን፣ ጤና ሳያጡ ከቤተ ክርስቲያን የሚቀሩበት ቀን የለም። በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ማታ ጠርተውን «ልጄ፣ ያን ደረጃ በጨለማ ዓይኔ አልለይልህ ብሎኛል፤ አንዲት መብራት ብታቆሙልኝ ምን ይመስላችኋል?» አሉን። እኛም «እሺ እማዬ፣ ለገና እናደርገዋለን» ብለን መለስንላቸው። የኤሌክትሪክ መሥመር በግቢው ውስጥ መዘርጋት ቁፋሮና ወጪ ያለበት ስለ ሆነ፣ ደግሞም መብራት በጠፋ ጊዜ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ቀን ከፀሐይ ኃይል ተቀብሎ ሌሊት የሚያበራውን ሶላር የሚባለውን መብራት ለመግዛት ከባለቤታችን ጋራ ተማከርን። ምክሩ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ዘገየ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ መርካቶ ወጣን። የበዓል ገበያ እንደሚታወቀው ሰው በሰው ላይ ነው፤ ዶሮ የያዘው ይጮኻል፣ ቄጠማ የተሸከመው ይገፋል። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ በደረስን ጊዜ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ አምፑሎች በሽቦ ላይ ተንጠልጥለው ሲብለጨለጩ አየን። ባለሱቁም «ጋሼ፣ ይሄ 200 አምፑል ያለው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል፤ የመብራት ሒሳብ የለበትም» አለን። ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ አልጠየቅንም፤ ዋስትና እንዲሰጠን አላልንም፤ ደረሰኝም አልተቀበልንም። በአጠገቡ ለደረጃና ለመተላለፊያ የሚሆኑ ጌጥ የሌላቸው ትንንሽ መብራቶች ተደርድረው ነበር። ዋጋቸውን ጠየቅንና «ለእነዚህስ ሌላ ጊዜ እንመለሳለን» ብለን ተውናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን የአባቶች ተረት የምናውቀው ከልጅነታችን ጀምሮ ነው፤ ያን ቀን ግን አላሰብነውም።

ከቤት ደርሰን የአምፑሉን ሽቦ ከውጭው በርና በበሩ አጠገብ ከቆመው ጽድ ላይ አዞርነው። ፀሐይ የሚቀበለው ጥቁር ሰሌዳ መልኩን ያበላሻል ብለን ከጽዱ ቅርንጫፍ ሥር ሸሸግነው። ማታ በበራ ጊዜ ልጆች እጃቸውን አጨበጨቡ፣ ጎረቤቶችም አመሰገኑን፤ እኛም ደስ ብሎን፣ መቼ እንደሚጠፋ ሳናይ ተኛን።

የገና ዋዜማ ምሽት እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው ለማኅሌትና ለቅዳሴ ከጎረቤት እናቶች ጋራ ሲወጡ በሩ እንደ ሠርግ ቤት አብርቶ ነበር። እኛ ለነገው እንግዳ ስንዘጋጅ ደክመን ቀረን። እናታችንም በሩ ብሩህ መሆኑን አይተው የእጅ ባትሪያቸውን ከቤት ትተው ሄዱ። ቅዳሴው አልቆ በሌሊት 9 ሰዓት ሲመለሱ፣ ጎረቤቶቻቸው ከበር አድርሰዋቸው ተለያዩ። የአምፑሉ ብርሃን ግን ከጠፋ ብዙ ሰዓት ሆኖት ነበር። በግድግዳው እየተመሩ አራቱን ደረጃ ወጡ፤ ከአምስተኛው ላይ እግራቸው አዳልጧቸው በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ።

እኛን አልቀሰቀሱንም። ነጠላቸውን አራግፈው ገብተው ተኙ። በማግሥቱ የጾመ ነቢያት ጾም ተፈትቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዶሮው ቀርቦ ሳለ እናታችን «አልራበኝም» ይሉ ጀመር። ባለቤታችን ስትለምናቸው እንጀራውን በግራ እጃቸው ሊቆርሱ ዘረጉ። በዕድሜያችን እናታችን በግራ እጃቸው ሲቆርሱ አይተን አናውቅም። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ ቀስ ብለን ብናወጣው አብጦ ጠቁሮ አገኘነው። «በዓሉን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው፤ እንግዳ ሲሄድ እነግራችሁ ነበር» አሉን። ሐኪም ቤት ብናደርሳቸው የእጃቸው አንጓ አጥንት ተሰብሮ ተገኘና ለ6 ሳምንት በጀሶ ታሰረ። ጥር 11 ቀን የጥምቀትን በዓል የቀኝ እጃቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው አከበሩ። በግራ እጃቸው ሲያማትቡ ባየናቸው ጊዜ ቃል ጠፋን፤ እርሳቸው ግን ስለ መብራቱ አንድ ቃል አልተናገሩንም።

ከዚህ በኋላ ያንን አምፑል አውርደን ጠባዩን መመርመር ጀመርን። የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ዘመዳችን መጥቶ የባትሪውን ሣጥን ቢከፍተው፣ በውስጡ 300 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሕፈት ያለበት አንድ ትንሽ ባትሪ ተገኘ። አምፑሎቹ ሲበሩ የሚወስዱትን ቢለካው 100 ሚሊአምፔር ያህል ሆነ። እንግዲህ 300ን ለ100 ማካፈል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ነው፤ ባትሪው ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ሊያበራ አይችልም ነበር። ሰሌዳውን ከጥላ ሥር ስለ ሸሸግነው ደግሞ ጢም ብሎም አልሞላም። ስለዚህ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ ከእኛ ነበር።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ለማወቅ የሚገባ ነው። የገናን ዛፍ በኤሌክትሪክ ማስጌጥ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ነው፤ ኤድዋርድ ጆንሰን የተባለ የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ በኒው ዮርክ ከተማ በቤቱ ያቆመውን ዛፍ በ80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፑሎች አስጌጠው። ከዚያ በፊት በዛፍ ላይ የሚበራው ሻማ ስለ ነበረ ቤት ያቃጥል ነበር። ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ መቻሉን ኤድሞን ቤክሬል የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1839 ዓ.ም. ተመለከተ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት ሲሊኮን ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠራውን የፀሐይ ሰሌዳ ለሕዝብ አሳዩ። ኤል ኢ ዲ የሚባለው ጥቂት ኃይል ወስዶ ብዙ የሚያበራው አምፑል ነጭ ብርሃን እንዲሰጥ ያስቻለው የሰማያዊው ብርሃን መገኘት ነው፤ ለዚህም ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በ2014 ዓ.ም. የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በግቢያችን የምናቆማት ትንሽ መብራት የእነዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ናት።

አገራችንም ለዚህ ጥበብ የተመቸች ናት። በለንደን ከተማ በገና ሰሞን ቀኑ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም በደመና የተሸፈነ ይበዛበታል። በአዲስ አበባ ግን በዚያው ወራት ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን፣ በጋ ስለ ሆነ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ለገናና ለጥምቀት መብራቱ ሳይጠግብ አያድርም። የእንቁጣጣሽ ነገር ግን ሌላ ነው፤ መስከረም ሲጠባ የክረምቱ ደመና ገና ስላልለቀቀ፣ በታኅሣሥ ሌሊቱን ያበራ የነበረው መብራት በእንቁጣጣሽ ምሽት ቶሎ ቢደክም ሊያስደንቅ አይገባም። ከተማችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል የራቀች ስለ ሆነች፣ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሰሌዳውም ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ጥላ በማያገኘው ስፍራ ሊቆም ይገባዋል።

አሁን ለሚገዛ ሰው ከደረሰብን ነገር የተማርነውን በአጭሩ እንናገራለን።

በመጀመሪያ በሣጥኑ ላይ በታላቅ ፊደል በተጻፈው የዋት ቁጥር መታለል አይገባም። ብርቱ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ስፍራ ላይ የምታወርደው ኃይል 1000 ዋት ያህል ነው፤ ጥሩ ሰሌዳ ከዚህ አንድ አምስተኛውን ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። እንግዲህ ጎኑ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ መዳፍ የሚያህል ሰሌዳ ከ2 ዋት ብዙም ሊያልፍ አይችልም። እንደዚህ ባለው ዕቃ ላይ «100 ዋት» ተጽፎ ቢታይ፣ ጽሕፈቱ ለጌጥ እንደ ተጻፈ ይቈጠር።

ሁለተኛ፣ የባትሪውን መጠን መጠየቅና ባትሪው ተከፍቶ የሚለወጥ መሆኑን ማየት ያሻል። እንዲህ ያለ ትንሽ ባትሪ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ መድከሙ አይቀርም፤ ሣጥኑ በሙጫ የተዘጋ ከሆነ ባትሪው ሲደክም መብራቱ በሙሉ ይጣላል። ያረጀውንም ባትሪ ልጆች እንዳያገኙት መጠበቅ፣ በእሳትም አለመጣል ይገባል።

ሦስተኛ፣ ውሃና አቧራ የመቋቋሙን ምልክት መመልከት ነው። አይ ፒ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የፊተኛው ስለ አቧራ፣ የኋለኛው ስለ ውሃ ይናገራል። 44 የተባለው ፍንጣቂ ይችላል፤ 65 የተባለው ግን አቧራ የማያስገባና ከጎን የሚረጭ ውሃ የሚችል ስለ ሆነ ለክረምታችን የሚሻለው እርሱ ነው።

አራተኛ፣ ሰሌዳው የጨለማ ጠባቂም ነው። ብዙዎቹ መብራቶች መምሸቱን የሚያውቁት በሰሌዳው ላይ ብርሃን ሲቀር ስለ ሆነ፣ ከመንገድ መብራት ወይም ከበረንዳ አምፑል ሥር ቢያቆሟቸው ቀን መስሏቸው ሳይበሩ ያድራሉ። በበጋም አቧራ ሰሌዳውን ስለሚሸፍነው በሳምንት አንድ ቀን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል መልካም ነው።

አምስተኛ፣ ለደረጃና ለመተላለፊያ የሚበልጠው ሰው ሲቀርብ ብቻ በርትቶ የሚያበራው ዓይነት ነው። ሰው በሌለ ጊዜ ደብዘዝ ብሎ ኃይሉን ስለሚቆጥብ፣ በደመና ቀን ጥቂት ብቻ ቢሞላም እስከ ንጋት ሊደርስ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ከበዓሉ በፊት አስቀድሞ መግዛትና ሌሊት ነቅቶ መፈተን ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ አሙቆ፣ በሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቶ አሁንም ይበራ እንደ ሆነ ያላየ ሰው፣ መብራት ገዝቻለሁ ብሎ ባይናገር ይሻለዋል።

እኛም በዚያው ዓመት በየካቲት፣ ገበያው ጸጥ ባለበት ቀን፣ እንደዚህ ያሉትን አራት መብራቶች መርጠን በደረሰኝና በዋስትና ገዛን። ሁለቱን ከደረጃው ግራና ቀኝ፣ አንዱን ከበሩ፣ አንዱን ከቤቱ ደጃፍ አቆምናቸው። የሁሉም ዋጋ በአንድነት ለሐኪም ቤት ከከፈልነው ያነሰ ነበር። ለሦስት ሌሊት በ9 ሰዓት እየተነሣን አየናቸው፤ በሦስተኛው ሌሊት እናታችን የጀሶው እስራት ተፈትቶላቸው ለጸሎት ሲወጡ ከደረጃው ላይ አገኙን። «ምን ሆነህ ነው በዚህ ብርድ የቆምኸው?» ቢሉን «መብራቱን ስንፈትን ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ደረጃውን አንድ በአንድ ወርደው፣ ከታች ሆነው ዘወር አሉና «አሁንስ ጕንዳኑንም አየሁት፤ በል ግባና ተኛ» አሉን።

ቀለም ያለውን ያንን የበዓል አምፑል አልጣልነውም። ዘመዳችን የተሻለ ባትሪ አድርጎለት፣ ሰሌዳውንም ከጥላ አውጥተን፣ በየዓመቱ በገና ከጽዱ ላይ እናደርገዋለን፤ ልጆችም ይደሰቱበታል። ጌጥ በስፍራው መልካም ነውና ማንንም ከጌጥ አንከለክልም። ነገር ግን አንድ ሰው ለበዓል መብራት ሊገዛ ሲወጣ፣ ከቤቱ ውስጥ በጨለማ የሚመላለሰው ማን እንደ ሆነና እግሩ የሚያርፈው በምን ላይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። የመጀመሪያዋ መብራት ለዚያ እግር ትሁን፤ የተረፈው ለበሩና ለዛፉ ይበቃል።