ጳጉሜ 6ን የማትስት ትንሽ ላይብረሪ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጀበና ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ወሬ ስለ ቀን ነው። «ለመቼ ቀጠሩህ?» «ለሚያዝያ 14።» «የእኔማ ወደ ሰኔ ተገፋ።» እዚህ ሰፈር ቀን ቀልድ አይደለም፤ ከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። እኔም ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለ ቀን ነው፤ መንገዳችን ግን በኮምፒውተር በኩል ነው። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንዲት ትንሽ ሼርድ ላይብረሪ፣ ማለት ብዙ ፕሮግራም በጋራ የሚጠቀምበት ኮድ፣ አብረን እንሥራ። ኮድ ጽፋችሁ የማታውቁም ቡናችሁን ይዛችሁ ቆዩ፤ ሒሳቡ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኛ የምንኖረው በራሳችን። ስለዚህ እዚህ አገር የሚሠራ ሶፍትዌር፣ የሆስፒታል ካርድ ይሁን የቤት ኪራይ ውል፣ የሆነ ቦታ ላይ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ አለበት። ይህን መለወጫ ብዙው ፕሮግራመር ለየራሱ፣ እንደ አዲስ፣ በጥድፊያ ይጽፈዋል። የተለመደው አቋራጭ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ከዚያ መቁጠር ነው። ከአራት ዓመት ሦስቱን ይሠራል። መስከረም 1 ቀን 2016 ግን የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ ከፊቱ የነበረችው ጳጉሜ 6 ቀን ነበረቻ! በአቋራጩ የሄደ ፕሮግራም ከዚያች መስከረም 1 አንሥቶ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቀን ይስታል። በመካከሉ ፈረንጆቹም የራሳቸውን ትርፍ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 29ን፣ ስለሚጨምሩ የሚቀጥለው መስከረም 1 ተመልሶ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውልና ስሕተቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ማንም ሳይነካው እስከሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ይተኛል። ለእኔ ከስሕተቱ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ መሰወሩ ነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ የእኛ አቆጣጠር ለፕሮግራም እጅግ የተመቸ መሆኑ ነው። አሥራ ሁለቱ ወር እኩል 30 ቀን፤ ጳጉሜ 5፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6። በባሕረ ሐሳብ እንደምንማረው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 5500 ራሱ ለ4 ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ለኮዱ ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን ይበቃዋል። ያንን ያህል ቀላል ነው፤ ራስ ምታቱ ሁሉ ያለው በፈረንጁ በኩል ነው።

የላይብረሪዋ ልብ ቀንን ያለ ወርና ያለ ዓመት በአንድ ተከታታይ ቁጥር መያዝ ነው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች የጁልያን ቀን ቁጥር ይሉታል። ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ትርፉን ጣሉና ድርሻውን ደምሩበት። ላለፈው እያንዳንዱ ወር 30 ጨምሩ፤ ቀኑን ደምራችሁ 1 ቀንሱ፤ መጨረሻ ላይ 1723856 ደምሩ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ብትሞክሩት 2460199 ይወጣል። የሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ቁጥርም ያው ነው። ተገናኙ ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው መመለሻው ነው። ከቁጥሩ ላይ 1723856ን ቀንሱና ለ1461 አካፍሉ፤ 1461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው። ለዚያች ጳጉሜ 6 የሚተርፈው 1460 ነው። ይህን ትርፍ ዝም ብላችሁ ለ365 ብታካፍሉት ልክ 4 ይደርሳል፤ ፕሮግራሙም ዓመቱን አሻግሮ «መስከረም 1 ቀን 2016» ይላችኋል። በማግሥቱም መስከረም 1 ቀን 2016 ይላችኋል። አንዲት ቀን ከነልደቷ፣ ከነቀጠሮዋ ጠፋች። ስለዚህ ትርፉ 1460 የሆነ እንደሆነ ከዓመቱ 1 ቀንሶ 365ቱን ቀን ለዚያው ዓመት መመለስ ግድ ነው። የጳጉሜ 6 ዕጣ ያለው በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው።

እንግዲህ ሁለት ፈንክሽን፣ ማለት አንድ ሥራ ለይቶ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አለን፤ አንዱ ሂያጅ፣ አንዱ ተመላሽ። «ዘመን» ብለን በሰየምናት የሲ ፋይል ውስጥ እንጻፋቸው። የሁለቱን ስም፣ የሚቀበሉትንና የሚመልሱትን ብቻ ደግሞ ሄደር በሚባለው ሁለተኛ ፋይል እናስቀምጥ፤ ተጠቃሚው የሚያየው እሱን ነው። ውስጥ ለውስጥ የሚያግዙንን ትንንሽ ፈንክሽኖች «ስታቲክ» ብለን እንዝጋቸው፤ ለሰው ያላሳየነውን ነገር ነገ ብንለውጠው የሚቀየመን የለም።

ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር፣ ማለት የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጠውን ፕሮግራም፣ ሁለት ጊዜ እንጠራለን። መጀመሪያ ኤፍ ፒአይሲ የሚለውን ምልክት ሰጥተን ፋይሉን ኮምፓይል እናደርጋለን፤ ምልክቱ ኮዱ ሜሞሪ ውስጥ የትም ቢጫን እንዲሠራ ሆኖ እንዲዘጋጅ ያዛል። ቀጥሎ ሼርድ በሚለው ምልክት ላይብረሪውን እናወጣለን። ስሙ በሊብ ጀምሮ በኤስኦ ያበቃል፤ ዊንዶውስ ላይ ዲኤልኤል የሚባለው ዘመዱ ነው። ጀማሪን ሁሉ የሚያስደነግጠው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ፕሮግራሙ ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆንና ሲከፈት «ፋይሉ የለም» ይላል። ፋይሉ ዓይኑ ሥር ተቀምጦ! ምክንያቱ ሲከፈት ላይብረሪ የሚፈልግለት ሌላ አካል፣ ሎደሩ፣ በመሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያየው የታወቁትን ፎልደሮች ብቻ ነው። ላይብረሪውን ከነዚያ በአንዱ አስገብቶ ኤልዲኮንፊግ የሚለውን ኮማንድ ማስኬድ ይበቃል።

በስታቲክ ላይብረሪ ብንሠራው ኖሮ ኮዱ እያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ እየተገለበጠ ይገባ ነበር። ሼርድ ላይብረሪ ግን እንደ እድር ድንኳን ነው፤ አንዴ ይገዛል፣ በሁሉም ደጅ ይተከላል፣ ሲቀደድ አንዴ ይሰፋል። ሦስት ፕሮግራም ባንድ ጊዜ ቢከፈት ኮዱ ሜሞሪ ላይ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ነው። ስሕተት ሲታረም አንድ ፋይል ይተካል፤ ፕሮግራሞቹ እንደገና ኮምፓይል ሳይደረጉ፣ ዘግቶ መክፈት ብቻ ይበቃቸዋል። በሲ የተጻፈ ሁሉ በሲ ብቻ ይጠራ ማለትም አይደለም፤ ፓይተን የሚጽፈው ልጅ ሲታይፕስ በሚባለው በኩል ይቺኑ ላይብረሪ ይጠራታል።

ይህ አንድ ላይብረሪን የመጋራት ነገር ለአገራችን ሰዎች እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሁሉ ለፊደሉ የየራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ያኔ ነው እነ ፕሮግራመር ዳንኤል ያዕቆብ ሊብኤት የምትባል፣ በሲ የተጻፈች ላይብረሪ አዘጋጅተው ጽሑፍን ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው ለመለወጥ የተነሡት። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ያ ጣጣ ቀለለ፤ የቀን ጣጣው ግን ብዙ ቦታ እንዳለ ነው። አንድሮይድ ስልኮቻችሁ ውስጥ ያለው አይሲዩ የተባለው ግዙፍ ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም ያውቃል፤ የተጠቀምንበት ቁጥር፣ 1723856ም፣ እዚያው ኮድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። አይሲዩ ያለበት ፕሮግራም በእሱ ይጠቀም፤ እኔም የምመርጠው ያንን ነው። ለትንንሾቹ ግን የእኛዋ ትበቃለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ፈንክሽኑ የሚቀበለውን ነገር፣ ለምሳሌ የዓመት፣ የወርና የቀን ቅደም ተከተልን፣ ከለወጣችሁ የላይብረሪውን ዋና የስሪት ቁጥር ከ1 ወደ 2 አሳድጉ፤ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች 1ን ይዘው ይቀጥላሉ። ቁጥሩን ሳታሳድጉ ብትለውጡ ፕሮግራሙ አይጮኽም፤ የተሳሳተ ቀን ይሰጣል እንጂ።

ቀጣይዋ ጳጉሜ 6 በ2019 ማብቂያ ትመጣለች፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ላይ ይውላል። ላይብረሪውን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ከ1900 እስከ 2099 ዓ.ም. ያሉትን 73,050 ቀናት አንድ በአንድ በሂያጁ ላኩና በተመላሹ አምጧቸው። ከመካከላቸው 50ዎቹ ጳጉሜ 6 ናቸው። ኮምፒውተሩ ስኒው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳቸዋል፤ አንዲቱ እንኳ ሌላ ስም ይዛ ብትመለስ ያቺን የ1460 መስመር እንደገና ተመልከቷት።