የካሣው ብርሃን

የእኔ ትውልድ ወጣትነት የበቀለው በጦርነት ፍርስራሽ ላይ ነው። አባቴ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ሲወድቅ እኔ ጡት ያልጣልሁ ሕፃን ነበርሁ፤ መልኩንም የማውቀው ከእናቴ አንደበት ብቻ ነው።

በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ። ክፍያው ግን ዓመታት ዘገየ። በመጨረሻ በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ከዚህ ባነሰ ገንዘብ ተስማሙ፤ በካሣውም ቆቃ ላይ የአዋሽ ግድብ ይሠራ ጀመር።

ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው በዛሬዋ አዳማ ዙሪያ፣ ወጣት ሁሉ እንጀራውን የሚፈልገው ወይ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ከሚያመርተው ከወንጂ፣ ወይም ከቆቃ ነበር። እኔም ትምህርቴን አቋርጬ ቆቃ ገባሁ። ጠዋትና ማታ የቀን ሠራተኞችን ስም እመዘግብ ነበር። የቅርብ አለቃዬ ኢጣሊያዊ ነው፤ ሥራውን በትዕግሥት አስተማረኝ። እኔም አመሰግነው ነበር፤ ማታ ስተኛ ግን ምስጋናዬ እንደ እሾኽ ይወጋኝ ነበር።

የመጀመሪያ ደመወዜን ለእናቴ በሁለት እጄ አቀረብሁላት። ብሩን በመቀነቷ ሳትቋጥር ትክ ብላ አየችውና፣

«ልጄ፣ የአባትህ ደም በስንት ተመዘነ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት የሚችል ነበር፤ የአዋሽንም ውሃ ከክረምት ለበጋ እያቈየ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣ ጀመር። እኛ ወጣቶች በብርሃኑ ተደሰትን። ሐይቁ የተኛበት ሜዳ ግን የጅሌ ኦሮሞ ከብቶች ይግጡበት የነበረ ነው። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው፣ ከብቶቻቸውን ከኋላቸው አስቁመው፣ ውሃውን ዝም ብለው ሲመለከቱ አየሁ። የእኛ ካሣ በውል ተጽፎ ነበር፤ የእሳቸው ካሣ በየትኛው ውል ላይ እንደ ሰፈረ ራሴን ጠየቅሁ። የእናቴ ጥያቄ ያን ዕለት በእጥፍ ከበደኝ።

ዛሬ ዘጠና ዓመት ሆኖኛል። የልጅ ልጄ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። በቀደም ከሥራ ስትመለስ፣ «አባባ፣ እርስዎ በእኔ ዕድሜ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ደመወዜና ስለ አለቃዬ ባጭሩ ነገርኋት። ስለ ማይጨውና ስለ ጅሌው ሽማግሌ ግን እስኪመሽ ድረስ አጫወትኋት፤ በብርሃን ሥር የሚሠራ ሰው ብርሃኑ የማን ዕዳ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋልና።