ስሟን በእርሳስ

ዲሲ ኖሮ ፓርኪንግ ያልሠራ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስልክ በማይሠራበት፣ የመኪና ጭስ ጉሮሮ በሚከረክርበት ምድር ቤት ቁልፍ ስቀበል፣ ቲኬት ስቆርጥ። ማታ ሰው ሲያልቅ ከምሰሶው ጀርባ ኮቴ ከተሰማ ልብ ምን እንደሚል የሠራ ያውቀዋል።

የጌይል ኮብን ታሪክ የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዓርብ። ጃንሆይ ከዙፋን ከወረዱ ገና 8 ቀናቸው ነው። ብዙዎቻችንን እዚህ ከተማ ያደረሰን መንገድ አዲስ አበባ ላይ በተከፈተበት ሳምንት፣ እዚህ አንዲት የ24 ዓመት ፖሊስ፣ የአንድ ትንሽ ልጅ እናት፣ መሀል ከተማ በእግሯ ትዘዋወር ነበር። ከማሠልጠኛ ከወጣች ግማሽ ዓመት አልሞላትም። 20ኛው መንገድና ኤል ስትሪት ጥግ ላይ አንድ መንገደኛ መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ ፓርኪንጉ መግባቱን ነገራት።

ወረደች።

ከታሪኩ ሁሉ እዚህች ቃል ላይ ነው የምቆመው። የፓርኪንግ ቁልቁለት ከፀሐይ ሲገቡበት ዓይን ያጨልማል፤ ውስጥ ያለው ያይሃል፣ አንተ አታየውም። ሰውየውን አገኘችው። እጁን ግድግዳ ላይ እንዲያደርግ አዘዘችው። በሬዲዮ ርዳታ እየጠራች ሳለ ዞሮ ተኮሰ። አንድ ጥይት። በአሜሪካ በሥራ ላይ ሳለች የተገደለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፖሊስ ሆነች።

ባለፈው ግንቦት ጁዲሺያሪ ስኩዌር ሄድኩ። በሥራ ላይ ለሞቱ ፖሊሶች እ.ኤ.አ. በ1991 የተመረቀው መታሰቢያ እዚያ ነው፤ የቀይ መስመር ባቡር ከሥሩ ያልፋል። ደቦሎቻቸውን የሚጠብቁ የነሐስ አንበሶች አሉ። ሁለት የታጠፉ የእብነ በረድ ግንቦች ላይ ከ24 ሺህ በላይ ስም ተቀርጿል፤ በየዓመቱም ይጨመራል። ስሞቹ በፊደል ተራም በዓመተ ምሕረትም አልተደረደሩም። ትልቁ ከተማና የገጠሩ ወረዳ፣ የጥንቱና የአምናው ጎን ለጎን ናቸው። የምትፈልገውን ለማግኘት መዝገብ ማገላበጥ ግድ ነው።

አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ለጥፋ በእርሳስ በስሱ ስትፈገፍግ፣ ስሙ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ወረቀቱን እንደ መስቀል ስማ አጠፈችው። እኔም ከቲኬት ቤት ጀምሮ ኪሴ የማይለየኝን እርሳስ አወጣሁና ጌይልን ፈለግኳት።

አውቃለሁ፣ ለእኛ ፖሊስ ቀላል ቃል አይደለም። ሕፃን ሆነን ስናለቅስ "ፖሊስ መጣልህ!" እየተባልን ዝም ያልን ልጆች ነን። አድገንም ብዙዎቻችን ደንብ ልብስ በለበሰ ሰው የተደበደበ ወንድም አለን። እዚህም አገር በፖሊስ እጅ ለሞቱት ሰልፍ የወጣን አለን፤ መውጣታችንም ልክ ነበር። ግን የአንዱ ሐዘን ሌላውን አይሰርዝም፤ በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ሟቹ የማን ወገን እንደነበር ደጃፍ ላይ አይጠይቅም።

የአገር ቤቱን ዜና ስሰማ የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። "የጸጥታ አካላት ሕይወታቸው አለፈ" ይባላል፤ ቁጥር ይነገራል፣ ዜናው ወደ ስፖርት ያልፋል። የማን ልጅ? የየት ሰፈር? ስም ያልተጠራለት ሰው ሁለቴ ይቀበራል።

እኔስ? በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፖሊስ ነበር። ጠብ ሲነሣ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ይገላግል ነበር። አንድ ሌሊት ለሥራ ተጠርቶ ወጣ፤ በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ንፍሮውን በልቻለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም፤ ለሁላችንም "ሃምሳ አለቃ" ነበር።

ከጁዲሺያሪ ስኩዌር ስመለስ እማዬ ጋ ደወልኩ። ብዙ አሰበች። "ሃምሳ አለቃ ነው እንግዲህ የምንለው፣ ልጄ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን "የእድሩ መዝገብ ላይ መኖር አለበት፤ መዋጮውን አንድ ወር አያሳልፍም ነበር" አለች።

እሑድ ጸሐፊውን ልትጠይቅልኝ ነው።